ሥራው «በሚቀጥለው ሳምንት» እየተባለ ሲገፋ ምን ታደርጋላችሁ?

ሱፐርቫይዘሯ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በኮንትራት ዳታ ሰብሳቢ ነኝ፣ አሁን አሁን በብዛት የምወጣው በሱፐርቫይዘርነት ነው። አንድ አማካሪ ድርጅት ለቤት ለቤት ጥናት መረጠኝ። ሲቪዬን ወሰዱ፣ በስልክ አናገሩኝ፣ ሥልጠናው የሚጀመርበትንም ቀን ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ የሚመጣው ያው አንድ ዓይነት መልእክት ነው፦ «ሰላም ቲም፣ ሥልጠናው ለአጭር ጊዜ ተራዝሟል፣ አዲሱን ቀን እናሳውቃለን፣ ስለ ትዕግሥታችሁ እናመሰግናለን።» ሁሉም አውራ ጣት ይሰጥና ዝም። እኔም እሰጣለሁ፣ ምን ላድርግ።

መራዘሙ ብቻውን አያናድደኝም፣ መስክ የወጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አሁን ግን ሌላ ድርጅት ለአጭር ሥራ ደውሎልኝ መልስ እየጠበቀ ነው፣ ሁለቱ ይጋጩ አይጋጩ ደግሞ የሚነግረኝ የለም። የቤት ኪራይ ደርሷል። እቁቡ በየሳምንቱ አለ። ኮንትራትም አልፈረምኩም፣ እንደምታውቁት የሚፈረመው ሥልጠናው ላይ ነው። አስተባባሪውን ደጋግሜ ብጠይቀው ነዝናዛ ናት ብሎ ከዝርዝሩ እንዳያወጣኝ እፈራለሁ። እናንተ ብትሆኑ ትጠብቃላችሁ ወይስ ሌላውን ትይዛላችሁ?

ከወረዳ_ወረዳ፦
ሌላውን ያዢ። ያልተፈረመ ሥራ ሥራ አይደለም። ግሩፑ ላይ አውራ ጣት ከሰጡት ውስጥ ስንቱ አሁን ሌላ መስክ ላይ ሆኖ እንደሚሰጥ ብታውቂ ትገረሚያለሽ።

አስተባባሪ_ነበርኩ፦
እህቴ፣ እኔ ያንን መልእክት የሚጽፈው ሰው ነበርኩ፣ ስለዚህ ከወዲያ በኩል ያለውን ልንገርሽ።

አስተባባሪው አብዛኛውን ጊዜ ቀኑን ራሱም አያውቀውም። «በሚቀጥለው ሳምንት» የሚለው ውሸት ልንገራት ብሎ ሳይሆን ከበላዩ እንደዚያ ስለተባለ ነው። ስለዚህ «መቼ ነው?» ብለሽ አትጠይቂው፣ የምታገኚው መልስ ያው ነው። «የት ደረሰ?» በይው። አንድ ጥናት መስክ ከመውጣቱ በፊት የሚያልፍበት መንገድ አለ፤ ገንዘብ ሰጪው መጠይቁን ያጸድቃል፣ ኤቲካል ክሊራንስ (የጥናት ሥነ ምግባር ፈቃድ) ይወጣል፣ መጠይቁ ወደ አማርኛ፣ ወደ ኦሮምኛ፣ እንደየቦታው ይተረጎማል፣ ኮቦ ወይም ኦዲኬ በሚባሉት የታብሌት ዳታ መሰብሰቢያ አፖች ላይ ይጫናል፣ ይሞከራል። የድጋፍ ደብዳቤው ደግሞ በጎን ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ ይሄዳል፣ ወረዳ ላይ ፈራሚው ስብሰባ ከሄደ እዚያው ይቀመጣል። «መጠይቁን ገና እያዩት ነው» ካለሽ ሳምንት የሚባል ነገር የለም፣ በወር አስቢው። «ዞን ጽፏል፣ ታብሌቱም ተጭኗል» ካለሽ ግን ሻንጣሽን አዘጋጂ።

ወቅቱንም እይ። የገጠር ሥራ ሆኖ ግንቦት ላይ ይጀመራል የተባለ ሰኔን ከተሻገረ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ትምህርት ቤት የሚነካ ጥናት ከሆነ ደግሞ ተማሪ የለም፤ እኔ እንዲህ ያለውን መስከረም ነው ብዬ ነበር የምቆጥረው፣ ማንም ምንም ቢል። በጀትም እንደዚሁ ነው። የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሐምሌ 1 አዲሱ ይጀምራል፣ ግን ሐምሌ 1 ተብሎ ብሩ በማግስቱ እጅ አይገባም። የብዙ ውጭ ድርጅቶች ሒሳብ ደግሞ በዲሴምበር መጨረሻ ይዘጋል፣ ለዚያ ነው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሁሉም ጥናት ባንዴ የሚፈላውና ስልክሽ የማያርፈው። እስከዚያ ሲጎተት የከረመው ሁሉ ያኔ ነው «ነገ ድረሺ» የሚልሽ።

ከዝርዝር መውጣቱን አትፍሪ። አስተባባሪ የሚጠላው የሚጠይቀውን ሰው አይደለም። ሥልጠናው ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ስልኩን የሚዘጋውን ነው። እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፣ በግሩፑ ሳይሆን በግል፦ «ሰላም፣ ሥራውን አሁንም እፈልገዋለሁ። እስከዚህ ቀን ድረስ ጊዜዬን ይዤላችኋለሁ፣ ከዚያ በኋላ ግን የያዝኩት ሌላ ሥራ አለ። ቀኑ ሲለወጥ ቀድማችሁ ከነገራችሁኝ እንነጋገራለን።» ቀኑን አንቺ ቁረጪው። እኔ እንዲህ የሚጽፉልኝን ሰዎች ነበር መጀመሪያ የምደውልላቸው፣ ምክንያቱም የት እንዳሉ አውቃለሁ።

ቀረጻና_ኤዲቲንግ፦
እኔ የቪዲዮ ሰው ነኝ፣ ግን በሽታው አንድ ነው። ያለ ቀብድ ቀን መያዝ ካቆምኩ ቆይቻለሁ። የምርቃት፣ የሠርግ፣ የድርጅት፣ ሁሉም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ከውሉ ልውጣ ካለ ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ልውጣ ካለ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። አንቺንም ያስርሻል ማለት ነው፣ የተሻለ ሥራ መጣ ብለሽ መሮጥ የለም። ወረቀቱ ላይ «ቀብድ» ተብሎ ይጻፍ። «ቅድመ ክፍያ» ብቻ ከተባለ ሥራው ሲቀር ይመለስ አይመለስ የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው።

አንድ ቀዳዳ ግን አለ። ደንበኛው ቀኑን ይገፋል እንጂ ሥራውን ትቻለሁ አይልም። ስለዚህ «ከተባለው ቀን ከ15 ቀን በላይ ከተገፋ ደንበኛው ሥራውን እንደተወ ይቆጠራል» የምትል አንዲት መስመር እጨምራለሁ። ያቺ መስመር ከገባች ወዲህ ቀን የሚለውጥ ሰው አስቦበት ነው የሚለውጠው።

ከወረዳ_ወረዳ፦
ቀብድ ለዳታ ሰብሳቢ? 😂 ወንድሜ፣ የእኛ ፋይናንስ ክፍል ለአበል እንኳ ሦስት ፊርማ ነው የሚጠይቀው።

ቀረጻና_ኤዲቲንግ፦
እሺ ብሩ ይቅር። ኮንትራቱን ከሥልጠናው በፊት ላኩልኝ፣ አንብቤ ልፈርም ማለት ግን ማንንም አያስከፋም። የሚጀመርበት ቀን ባዶ ሆኖ ከመጣ እሱም አንድ መልስ ነው።

ጸሐፊዋ፦
የእቁብ ጸሐፊ ነኝ፣ ኮንትራት የሚሠሩ አባላት አሉን፣ ስለዚህ ስለ ብሩ ልናገር። ለዳኛው ዛሬ ንገሪው። ቀድሞ የተናገረ ሰው ዕጣ ይቀያየራል፣ አንዳንዴም የሚፈልግ ሰው ይገኝና ተራው ይሸጋሸጋል። ሁለት ሳምንት ጠፍቶ «ሥራ ተራዝሞብኝ ነው» የሚል ግን ዋሱንም ያስቀይማል።

ደግሞ ሁላችሁም ስለ መጀመሪያው ቀን ብቻ ነው የምታወሩት። ብሩ የሚገባው የጀመርሽ ቀን አይደለም እኮ! መስክ ላይ አበል ታገኛለሽ፣ ዋናው ክፍያ ግን ዳታው ተረካክቦ ሪፖርት ገብቶ ነው፣ እሱም ይዘገያል። ሥራው ሰኞ ቢጀመር እንኳ የዚህን ወር ኪራይ አይከፍልልሽም። ስለዚህ አከራይሽን «ሥራ ልጀምር ነው» ብለሽ ቀን አትስጪያቸው፣ ሁለተኛው ቀጠሮ ሲያልፍ ነው ሰው ፊቱ የሚጠቁረው። ካለሽ ላይ ግማሹን ክፈይ፣ ቀሪውን ከአጭሩ ሥራ። እና ለወደፊቱ፣ ከመስክ ስትመለሺ የተረፈሽን አበል ለእቁቡ የጥቂት ሳምንት ቀድመሽ አስገቢው፣ እጅሽ ላይ ከቆየ አይቆይም።

ሱፐርቫይዘሯ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እውነት። በግል ጻፍኩለት፣ «የት ደረሰ» ብዬ። ወዲያው መለሰ፣ ያልጠበቅኩት ነገር ነው። ደብዳቤው ክልል ደርሷል፣ ግን መጠይቁ ገና ለትርጉም አልሄደም አለኝ። አጭሩን ሥራ ያዝኩ፣ የሚያልቅበትንም ቀን ነገርኩት። «ጥሩ፣ መዝግቤያለሁ» ነው ያለው።

የቀረችኝ አንድ ጥያቄ፦ ድንገት ተፋጥኖ ሁለቱ ቢገጣጠሙስ?

አስተባባሪ_ነበርኩ፦
ገና ለትርጉም ያልሄደ መጠይቅ በዚያ ፍጥነት አይመጣም፣ ከትርጉም በኋላ መጫኑና ሙከራው አለ። ቢመጣም የጀመርሽውን ጥለሽ አትሂጂ፣ በዚህ ሥራ አስተባባሪዎች ስም ይቀባበላሉ። በአንቺ ቦታ ሥልጠናውን የሚወስድ፣ መስክ የሠራ አንድ ሰው አዘጋጂና ስሙን ከነስልኩ ስጪው፣ ፈቃዱን ጠይቀሽ።

ከወረዳ_ወረዳ፦
እኔ ነጻ ነኝ 🙋🏾‍♂️ ቦታው የት ነው?