የአልማዝ ባለጭራ ሕመም፦ ኪኒኑ ያስታግሰኛል፣ ግን መሪ ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል

የጀሞው ሾፌር፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ52 ዓመት ሰው ነኝ። ከሜክሲኮ ጀሞ ሚኒባስ እነዳለሁ። ከአምስት ወር በፊት ከግራ ደረቴ እስከ ጀርባዬ አልማዝ ባለጭራ ወጣብኝ። የባለቤቴ እናት «ጭራው ዞሮ ከተገናኘ አለቀልህ» ብለው አስደነገጡኝ። አልተገናኘም። ቁስሉ በሦስት ሳምንት ደረቀ። ሕመሙ ግን ወይ ፍንክች።

አንዳንዴ ሚጥሚጣ እንደተነሰነሰበት ቁስል ይለበልበኛል። አንዳንዴ ሳላስበው እንደ ኮረንቲ ይነዝረኛል። የሚገርመው፣ በመዳፌ ጠበቅ አድርጌ ስይዘው ይሻለኛል፤ ሸሚዝ ለስለስ ብሎ ሲነካኝ ግን ያስጮኸኛል። የመኪናው ቀበቶ ደግሞ የሚያልፈው ልክ እዚያው ላይ ነው። ትራፊክ ሳይ አስራለሁ፣ ሳልፈው እፈታለሁ። ሁለቴ ተቀጥቻለሁ።

ፓራሲታሞል ሞከርኩ፣ ዳይክሎፌናክ ሞከርኩ፣ ምንም። በመጨረሻ ሐኪሙ አሚትሪፕቲሊን 25 ሚሊግራም ማታ ማታ አዘዘልኝ። ልጄ ውስጡ ያለውን ወረቀት አንብባ «አባዬ፣ ይሄ እኮ የድብርት መድኃኒት ነው» አትለኝም! ሐኪሙ አእምሮዬን ጠርጥሮ ይሆን ብዬ ሦስት ቀን ሳልውጠው ቀረሁ።

አሁን አምስተኛ ሳምንቴ ነው። እውነት ለመናገር ከአስር ዘጠኝ የነበረው ሕመም አምስት ገብቷል። ሌሊት እተኛለሁ። ችግሩ ጠዋት ነው። ማታ 4 ሰዓት እውጣለሁ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እነሳለሁ። እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ጭንቅላቴ የኔ አይደለም። ባለፈው ማክሰኞ ሣር ቤት መብራት ይዞኝ ቆሜ ዓይኔ ተከደነ። ረዳቴ ትከሻዬን መታ አድርጎ «ጋሼ፣ አረንጓዴ!» አለኝ። ከኋላ ክላክስ ይጮሃል። መኪናው ሙሉ ሰው ጭኗል። ከዚያ ወዲህ ራሴን ፈራሁት። አፌም ደርቆ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ይጣበቃል። ሆዴም ደርቋል።

ልተወው ወይስ ሌላ የምታውቁት አለ? አንድ የተራ ጓደኛዬ የሰጠኝ ትራማዶል የሚባል ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ኪሴ ውስጥ አለ፣ ገና አልነካሁትም።

ፋርማሲስቷ፦
ወንድሜ፣ ትራማዶሉን አይንኩት። ከአሚትሪፕቲሊን ጋር ሲደረብ እንቅልፉን ያብሰዋል፣ አልፎም እስከ መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ሊያደርስ ይችላል።

ልጅዎ ያነበበችው ትክክል ነው። ግን ለድብርት ሲሆን ብዙ ጊዜ መጠኑ 75 እና ከዚያ በላይ ነው። በትንሹ ሲወሰድ ነርቭ የሚልከውን የሕመም መልእክት ያበርዳል። በልጅነት ጉድፍ ያወጣብን ቫይረስ ነርቭ ሥር ተደብቆ ይኖራል፣ ሲነሳ ነርቩን ራሱን ይጎዳዋል። የእርስዎ ቁስል ድኗል፣ የሚጮኸው ነርቩ ነው። ፓራሲታሞሉ ያልረዳዎት ለዚህ ነው። ከዘጠኝ አምስት መግባቱም ቀላል አይደለም፤ በዚህ ሕመም ግማሽ ያህል ከቀነሰ መድኃኒቱ ሠርቷል ነው የምንለው።

ስለዚህ ከመተውዎ በፊት ሐኪሙን ሁለት ነገር ይጠይቁት። አንደኛ፣ ሰዓቱን ወደ ምሽቱ 1 ሰዓት ማምጣት። 4 ሰዓት ውጠው 11 ሰዓት ከተነሱ ኪኒኑ ገና ሥራ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ወደ 10 ሚሊግራም ዝቅ ማለት። በራስዎ ድንገት አያቁሙት፤ ያቅለሸልሻል፣ እንቅልፍም ይነሳል። እስኪስተካከል ግን እባክዎ መሪ አይያዙ።

ሽንት አልወጣ ብሎ ያስቸግርዎታል? የልብ ሕመም ወይም የዓይን ግፊት አለብዎት? ይህን ሐኪሙ ማወቅ አለበት። እና ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጫት ይቅማሉ?

ከቨርጂኒያ፦
እኔም ሾፌር ነኝ፣ አሌክሳንድሪያ። ባለፈው ዓመት በወገቤ በኩል ወጣብኝ። የሰጡኝ ጋባፔንቲን የሚባል የነርቭ ሕመም መድኃኒት ነው። ከ300 ሚሊግራም ጀምረው ቀስ በቀስ በቀን 1800 አደረሱኝ። ሕመሙን ጸጥ አደረገው፣ እኔንም ጨምሮ! እራት ጠርቻት የሚስቴን እህት ስም ረሳሁት። እግሬ አብጦ ካልሲው ቁርጭምጭሚቴ ላይ ቦይ ያወጣ ነበር። ሁለት ወር ከመሪ ወርጄ የጓደኛዬ ሱቅ ውስጥ ዕቃ ስደረድር ከረምኩ።

ኋላ ሐኪሟ ወደ 900 አወረደችውና ሊዶካይን ያለበት ፕላስተር ጨመረችልኝ። ቆዳው ላይ ትለጥፈዋለህ፣ 12 ሰዓት ይቆያል፣ 12 ሰዓት ታሳርፈዋለህ። ቆዳውን ነው የሚያደነዝዘው፣ እንደ ኪኒኑ ጭንቅላት ላይ አይወጣም። ሸሚዝ መልበስ የቻልኩት በሱ ነው። የተከፈተ ቁስል ላይ ብቻ አይለጠፍም። ሚስቴን ደግሞ ወዲያው ወስጄ አስከተብኳት፤ እዚህ ከ50 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ሁለት መርፌ ይሰጣል። እኔ ሦስት ጊዜ ደብዳቤ መጥቶልኝ ችላ ብዬ ነው።

የባሕር ዳሯ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይማርዎት። እናቴ በስኳር ምክንያት እግሯን ያቃጥላት ነበር፣ እሷም ጋባፔንቲን ተሰጣት። በሁለተኛው ሳምንት ግድግዳ ይዛ መሄድ ጀመረች። አንድ ሌሊት መታጠቢያ ቤት ወደቀች። እኛ እርጅና ነው ብለን ነበር። ኋላ ሲመረመር ኩላሊቷ ደክሟል። መድኃኒቱ የሚወጣው በኩላሊት ነው፣ ስለዚህ ውስጧ እየተጠራቀመ ነበር። መጠኑ ሲቀነስላት በሳምንት ውስጥ ቀና ብላ ሄደች። እርስዎም መድኃኒት ይቀይሩ ካሉዎት መጀመሪያ ኩላሊትዎን ይታዩ። ለሆድዎ ተልባ በውሃ በጥብጠው ይጠጡ፣ እናቴ በሱ ነው የተገላገለችው።

የጀሞው ሾፌር፦
ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

እህቴ ፋርማሲስቷ፣ ጫቱን ሆን ብዬ ነበር የዘለልኩት። ከሰዓት ተራ ስጠብቅ እቅማለሁ። ኪኒኑን 4 ሰዓት የምውጠውም ከዚያ በፊት እንቅልፍ ስለማይታየኝ ነበር። ለሐኪሙ ስነግረው ብዕሩን አስቀመጠ። «እሱም ልብ ያፈጥናል፣ ይሄም ልብ ያፈጥናል» ብሎ የልብ ምርመራ አዘዘ። ደህና ነው ተብያለሁ። ጫቱን ትቻለሁ፤ የመጀመሪያው ሳምንት የተፋጀ ነበር፣ ቤት ውስጥ ያልተቆጣሁት ሰው የለም።

አሁን 10 ሚሊግራም ነው፣ ምሽት 1 ሰዓት። አሥር ቀን ቤት ተቀምጬ መኪናውን ለሌላ ሾፌር ሰጠሁ። ገቢው ጎዳኝ። ከዚያ ተመለስኩ፣ የምገባውም ጠዋት 1 ሰዓት ነው። ሕመሙ ትንሽ ጨምሯል፣ ከአስር ስድስት ልበለው። ግን መብራት ላይ ነቅቼ ነው የምቆመው። አፌ አሁንም ይደርቃል፣ ውሃ ከጎኔ አይጠፋም። ተልባው ሠርቷል። ትራማዶሉን ለባለቤቱ መለስኩለት።

ቀበቶውን ደግሞ ባለቤቴ ዘየደችበት። አሮጌ ጋቢ ቀድዳ ደረቴ ላይ የሚያልፈውን አጥፋ አጥፋ አድርጋ ለበጠችው። ወፍራም ስለሆነ እንደ መዳፍ ጫን ይላል እንጂ አይፈትግም። አሁን ከጀሞ እስከ ሜክሲኮ ሳልፈታው እሄዳለሁ። ረዳቴ ግን አላስቀመጠኝም፣ ተሳፋሪ በገባ ቁጥር «ግቡ፣ ግቡ፣ ጋቢ የለበሰ መኪና ነው!» ይላል።