ክሎኖቹ ለምን አያመልጡም?

ማታ ተመልካች (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ማታ «ዘ አይላንድ» የሚባለውን ፊልም (በፈረንጆቹ 2005) አየሁ፣ እሁድ ደግሞ «ኔቨር ሌት ሚ ጎ»ን (2010)። ሁለቱም ላይ የሰው ግልባጭ (ክሎን) የሚሠራው የውስጥ አካሉ ተወስዶ ለሌላ እንዲሰጥ ነው። በመጀመሪያው ጀግናው እውነቱን እንዳወቀ እግሬ አውጪኝ አለ። መኪና ይገለበጣል፣ ሰማይ ምድሩ ይናወጣል። ፋንዲሻዬን እየበላሁ ተዝናናሁ።

የእሁዱ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ልጆቹ እንግሊዝ አገር አዳሪ ትምህርት ቤት ያድጋሉ። አንዲት መምህርት ገና በልጅነታቸው ዕጣቸውን ትነግራቸዋለች። ካደጉ በኋላ መኪና ይነዳሉ፣ ባሕር ዳርቻ ይሄዳሉ። ዘበኛ አላየሁም፤ እጃቸው ላይ ያለችውን አምባር በር ላይ ማስነካት ብቻ ነው። ግን አንዳቸውም አይሸሹም። ሲጠሩ ሄደው አልጋው ላይ ይጋደማሉ። «ኧረ ሩጪ!» ብዬ ጮኬ ባለቤቴን ቀሰቀስኳት። የፊልሙ ስህተት ነው ወይስ እኔ ነኝ ያልገባኝ?

አዳቃዩ፦
ሥራዬ ከብት ማዳቀል ነው፤ እኔን የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው። «ዘ አይላንድ» ላይ ክሎኑ ከከረጢት ውስጥ ጎልማሳ ሆኖ ዱብ ይላል። ክሎን እኮ እንደማንም ሕፃን ሆኖ ነው የሚወለደው፤ የሚሸከመው ማህፀን ይፈልጋል። በክሎን የተሠራችው በግ ዶሊ በፈረንጆቹ 1996 ስኮትላንድ ውስጥ ስትወለድ 277 እንቁላል ተሞክሮ ነበር። ወደ በጎች ማህፀን የገባው 29 ጽንስ ነው። በሕይወት የተወለደችው እሷ ብቻ። እኔ አንዲት ላም ሁለቴ አልይዝ ስትል ገበሬው ፊቱን ያጠቁርብኛል! ይህን ወደ ሰው አምጡት። ስንት ሴት ታረግዛለች? ስንቷን ያስወርዳታል? ፊልሞቹ ላይ እነዚህ ሴቶች የሉም።

መንታው፦
እኔና ወንድሜ ከአንድ እንቁላል ነን፤ ተፈጥሮ የሠራችን ክሎኖች በሉን። ስለዚህ «ግልባጩ ነፍስ አለው ወይ» ሲባል ሳቄ ይመጣል። እሱ ቡና አይቀምስም፣ እኔ ካልጠጣሁ ራሴን ያመኛል።

ወደ ጥያቄህ ስመለስ፣ የሚዋደዱት ሁለቱ ጥቂት ዓመት ጨምሩልን ብለው ሊለምኑ ሄደዋል እኮ። ማራዘም እንጂ መሸሽ በሐሳባቸው አልመጣም። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት ይህንኑ ነው፤ ወዴት ይሂዱ? እኔ የምጠላው ሥራ ላይ ሰባት ዓመቴ ነው። በሩ ክፍት ነው። ማን ያዘኝ?

ጨረቃ፦
«ሙን»ን (2009) እይ። ጨረቃ ላይ የሦስት ዓመት ውል ያለው ብቸኛ ሠራተኛ ነው። ከዚህ በላይ አልናገርም፣ ይበላሽብሃል።

ማታ ተመልካች፦
መንታው፣ መልስህ ወጋኝ።

አዳቃዩ፣ የሴቶቹን ነገር ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር። ባለቤቴ ከትከሻዬ ላይ ሆና አነበበችው። እኛም ሁለቴ ጽንስ ወጥቶብናል። «የቀሩትን 276 ማን ስም አወጣላቸው?» አለችኝና ወደ ማድ ቤት ገባች። «ሙን»ን ለሚቀጥለው ቅዳሜ አስተላለፍነው።