አንድ አክሽን፣ አንድ ሆረር፣ አንድ ኮሜዲ፦ ለቅዳሜ ምን ትላላችሁ?

ሚጣ_43፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ጀምረን ስድስት ሆነን ሦስት ፊልም በተከታታይ ልናይ ነው፤ አንድ አክሽን፣ አንድ ሆረር፣ አንድ ኮሜዲ። ያለን 43 ኢንች ቲቪ ነው፣ ላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ ይሰካበታል። ከስድስታችን ሁለቱ እንግሊዝኛ ብዙም ስለማይከተሉ ወይ ትርጉም ፊልም ወይ ሳብታይትል ያስፈልጋል። አዲስም ይሁን አሮጌ ግድ የለንም፤ ግን «አሪፍ ነው እዪው» ብላችሁ አትለፉኝ፣ ለምን አሪፍ እንደሆነ ንገሩኝ። ሁለት ጥያቄም አለኝ። በትርጉም የሚታይ ሆረር ለምንድነው የማያስፈራው? ደግሞስ ንግግሩ አልሰማ ብሎ ድምፅ ሲጨመር ፍንዳታው ጎረቤት የሚቀሰቅሰው በምን ምክንያት ነው?

ጥይት_ቆጣሪ፦
አክሽኑን እኔ ልያዘው። አክሽን ሲመረጥ ከተዋናዩ በፊት ካሜራውን ማየት ነው። ድብድቡ ላይ ሰውየው ከእግር እስከ ራሱ ይታያል ወይስ ክርንና ጀርባ ብቻ? ቡጢው ሲያርፍ ሾቱ ይቀጥላል ወይስ ልክ ሲነካው ይቆረጣል? ሁልጊዜ ሲነካው የሚቆረጥ ከሆነ ተዋናዩ ድብድቡን አልቻለውም፣ ኤዲተሩ እየሸፈነለት ነው ማለት ነው። ‹ቴከን 3› ላይ ሊያም ኒሰን አጥር የሚዘልበት ቦታ እስካሁን መሳቂያ የሆነው ለዚህ ነው፤ ስድስት ሰከንድ ገደማ ለምትፈጅ ዝላይ ከአሥር በላይ ቁርጥ!

‹ጆን ዊክ 4› (2023) የዚህ ተቃራኒ ነው። ዳይሬክተሩ ቻድ ስታሄልስኪ ከስታንት፣ ማለትም ተዋናዩን ተክቶ አደገኛውን ትዕይንት ከመሥራት፣ የመጣ ሰው ነው፤ ‹ማትሪክስ› ላይ የኪያኑ ሪቭስ ስታንት ተተኪ እሱ ነበር። ስለዚህ የሚደብቀው ነገር የለም፣ ካሜራውን ወደ ኋላ ያርቅና ያሳይሻል። ፓሪስ ውስጥ ካሜራው ከጣሪያ በላይ ሆኖ ከክፍል ክፍል የሚከተለው ተኩስና ከዚያ በኋላ ወደ ሳክሬ ኬር ቤተ ክርስቲያን በሚያወጣው ባለ 222 እርከን ደረጃ ላይ ያለው ድብድብ ብቻውን ፊልሙን ያሳያል። ሌላው ደስ የሚለው፣ ጥይት ያልቅበታል፤ ካዝና ሲቀይር ታያላችሁ። ችግሩ 169 ደቂቃ ነው። ሦስት ፊልም ለምታዩበት ቀን አይሆንም።

ለእናንተ የምመርጠው ‹ማድ ማክስ፦ ፊውሪ ሮድ›ን (2015) ነው። 120 ደቂቃ ነው፣ ንግግሩም ጥቂት ስለሆነ እንግሊዝኛ የማይከተል ሰው አይጎዳም። አሁን «ቁርጥ ሲበዛ መጥፎ ነው አላልክም?» ትሉኝ ይሆናል፤ ይሄ ፊልም ወደ 2,700 የሚጠጋ ቁርጥ አለው፣ በአማካይ አንዱ ሾት ሦስት ሰከንድ አይሞላም። ግን አያዞርም። ጆርጅ ሚለርና ካሜራ ማኑ ጆን ሲል ዋናውን ነገር፣ ፊትም ሆነ መኪና ወይም መሣሪያ፣ ሁልጊዜ የስክሪኑ መሀል ላይ ስላስቀመጡት ሾቱ ሲቀየር ዓይን የሚፈልገውን እዚያው ያገኘዋል። ከናሚቢያ በረሃ የመጣውን ከ400 ሰዓት በላይ ቀረጻ ያበጠረችው ማርጋሬት ሲክሰል በኤዲቲንግ ኦስካር ወስዳበታለች፤ ፊልሙ በጠቅላላው ስድስት ነው የወሰደው። ለትንሽ ቲቪ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

አጠር ያለ ከፈለጋችሁ ‹ዘ ሬይድ› (2011) 101 ደቂቃ ነው፤ የኢንዶኔዥያ ፊልም፣ ድብድቡ ፔንቻክ ሲላት የሚባለው የአገሩ ማርሻል አርት። ታሪኩ በአንድ አረፍተ ነገር ያልቃል፦ ፖሊሶች ወንበዴ የሞላው ፎቅ ውስጥ ገቡ፣ መውጣት አቃታቸው። ደሙ ብዙ ነው፤ ልጆች ካሉ ተዉት።

ጨለማ_ክፍል፦
ሚጣ፣ የትርጉሙ ጥያቄ መልስ አለው። ትርጉም ፊልም ላይ አንድ ተራኪ ነው የሁሉንም ንግግር የሚናገረው፤ እሱ ሲናገር የፊልሙ ድምፅ ይወርዳል። አክሽን ይህን ይችለዋል፤ መኪና ሲገለበጥ ማንም ቢናገርበት መኪናው ተገልብጧል። ሆረር ግን የሚያስፈራው ከመደንገጡ በፊት ባለችው ዝምታ ነው። የወለል ሲጢጥታ፣ ትንፋሽ፣ ሙዚቃው ድንገት መቆሙ፣ ከዚያ ጩኸቱ። ተራኪው ዝምታዋን በወሬ ሲሞላት ጩኸቱ የሚነሳበት ቦታ ያጣል። ይባስ ብሎ አንዳንዱ «አሁን ከኋላዋ ሊመጣ ነው» ብሎ ቀድሞ ይነግራችኋል።

ስለዚህ ሆረሩን በሳብታይትል እዩት፣ ግን ለመስማት ለተሳናቸው የተዘጋጀውን ሳብታይትል እንዳታወርዱ። እሱ ድምፁን ሁሉ በቅንፍ ይጽፋል፤ «በሩ ተንሲጠጠ» የሚለው በሩ ከመንሲጠጡ በፊት ስክሪን ላይ ይወጣል። ተራኪው የሠራውን ጥፋት በጽሑፍ መድገም ነው።

ምርጫዬ ‹ኤ ኳየት ፕሌስ› (2018)። 90 ደቂቃ ብቻ ነው። ድምፅ ሰምተው የሚያድኑ ፍጡራን አሉ፣ ቤተሰቡ በባዶ እግሩ አሸዋ በተነሰነሰ መንገድ ይሄዳል፣ ንግግሩ አብዛኛው በምልክት ቋንቋ ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛ የሚችለውም የማይችለውም እኩል ነው የሚያነበው። መስማት የተሳናትን ልጅ የምትጫወተው ሚሊሰንት ሲመንድስ በእውነትም መስማት የተሳናት ናት፤ ፊልሙ በእሷ በኩል ሲያይ ድምፁ ይጠፋል። ቲቪው ተበላሸ ብላችሁ እንዳትነኩት። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቆሎ አታቅርቡ። ስድስት ሰው ቆሎ ሲቆረጥም ይሄ ፊልም አልቆለታል፤ ዳቦ ቆሎም ያው ነው።

ከቅርቦቹ ‹ዌፐንስ› (2025) ጎበዝ ፊልም ነው። ከአንድ ክፍል 17 ልጆች በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ደቂቃ ከቤታቸው ወጥተው ይጠፋሉ። ሰዓቱ 2:17 ይላል፤ በእኛ ከሌሊቱ 8:17 መሆኑ ነው። ታሪኩ በየሰው እየተከፈለ ስለሚሄድ አንዱ ክፍል ጫፍ ላይ ሲደርስ ይቆምና በሌላ ሰው ዓይን ወደ ኋላ ይመለሳል። ቡና ላፍላ ብሎ የተነሳ ሰው ሲመለስ አይገባውም። 128 ደቂቃ ነው፤ ለስብስብ ሳይሆን ለሁለት ሰው የሚሆን ፊልም ይመስለኛል።

ጥይት_ቆጣሪ፦
‹ሲነርስ›ን (2025) እንዴት ዘለልከው? የዓመቱ ሆረር እሱ ነው።

ጨለማ_ክፍል፦
አልዘለልኩትም፣ ለ43 ኢንች አልሆን ብሎኝ ነው። አብዛኛው ክፍል የተቀረጸው ስፋቱ የቁመቱ 2.76 እጥፍ በሆነ ፍሬም ነው። 43 ኢንች ቲቪ ወርዱ 95 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ለ2.76 ስታካፍለው የምስሉ ቁመት 34 ሴንቲ ብቻ ይሆናል፣ የቀረው ከላይና ከታች ጥቁር ነው። ሶፋ ላይ ለተቀመጠ ሰው ፊት አይለይም። በዚያ ላይ ሆረር ብላችሁ ከጀመራችሁት ቫምፓየሮቹን ለረጅም ጊዜ ትጠብቃላችሁ፤ መጀመሪያው የ1932 ሚሲሲፒ፣ የጥጥ እርሻና የብሉዝ ታሪክ ነው።

ጥይት_ቆጣሪ፦
ያ መጠበቅ እኮ ነው የሚያስፈራው። ሰዎቹን ሳታውቃቸው ቢሞቱ ምን ገዶህ? ማይክል ቢ. ጆርዳን መንትዮቹን ሁለቱንም ተጫውቷቸው ማን የቱ እንደሆነ በአቋማቸው ትለያለህ። ጭፈራ ቤቱ ውስጥ ልጁ ሲዘፍን ያለፈውና የሚመጣው ዘመን ሙዚቀኞች አብረው የሚገቡባት ትዕይንት ደግሞ በማንኛውም ቲቪ ትሠራለች። ስለ ፍሬሙ ግን እሺ፣ አልከራከርም።

የኋላ_ወንበር፦
ኮሜዲ ከሁሉም የሚከብደው ነው፣ ምክንያቱም ሳቅ ሰዓት ይፈልጋል። በቃላት ጨዋታ የሚያስቅ ፊልም በትርጉም አይሻገርም፤ ተራኪው ቀልዱን ሲያብራራው ቀልዱ ሞቷል። የእኛ የአማርኛ ኮሜዲዎች የሚያስቁን ንግግሩ የራሳችን ስለሆነ ነው፤ የሌላውን ስትመርጡ በአካልና በዕቃ የሚያስቀውን ፈልጉ።

‹ዘ ኔክድ ጋን› (2025) 85 ደቂቃ ነው። እዚያ ላይ አጥር መዝለል ያቃተው ሊያም ኒሰን እዚህ በጣም ያስቃል፤ ሚስጥሩ ፊቱን አለማንቀሳቀሱ ነው። የድራማ ፊልም ላይ እንዳለ ሰው ኮስተር ብሎ ነው ከንቱውን ሁሉ የሚናገረው። ግማሹ ቀልድ ግን ከኋላ፣ ግድግዳ ላይና ጥግ ላይ ነው ያለው፤ ሳብታይትል ስታነቡ ያመልጣችኋል። ጥቂት የአዋቂ ቀልድ ስላለው ከእናት ከአባት ጋር ስታዩት መሳቀቅ አለ፣ ልብ በሉ።

አክሽንና ኮሜዲ አንድ ላይ ከሆነ የጃኪ ቻን ‹ፖሊስ ስቶሪ› (1985)። መጨረሻ ላይ የገበያ ማዕከሉ ውስጥ በአምፖል በተጠቀለለ ብረት ላይ ተንሸራቶ ሲወርድ እጁ ተቃጥሏል፤ ያቺን ዝላይ ከተለያየ አቅጣጫ ደጋግመው የሚያሳዩት አውቀው ነው፣ ደክሞበታላ። ጃኪ ቻን ወንበርና መሰላል ሲይዝ ሳቁም ድብድቡም እኩል ይመጣል፣ ለዚያ ደግሞ ቋንቋ አያስፈልግም።

ልጆችና ትልልቅ ሰዎች ከተቀላቀሉ ግን አትድከሙ፦ ‹ሚስተር ቢንስ ሆሊደይ› (2007)። ንግግር የለም ማለት ይቻላል፣ ፈረንሳይ አገር ለፈረንሳዮቹም ለእሱም ቋንቋ አይገባቸውም፣ እናንተ ትስቃላችሁ።

ገመድ_ሰካሁ፦
የድምፁን ነገር ልመልስ። ፊልሙ ላይ ያለው ድምፅ ብዙውን ጊዜ ለስድስት ስፒከር ነው የተሠራው። ንግግሩ በአብዛኛው መሀለኛው ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ፍንዳታና ሙዚቃው ሁሉም ላይ ተበትኗል። ቲቪው ሁለት ስፒከር ብቻ ስላለው ሲቀላቅለው ንግግሩ ይዋጣል። ላፕቶፑ ላይ በቪኤልሲ ማጫወቻ የምታዩ ከሆነ እንዲህ አድርጉ፦ ፊልሙን ክፈቱ፣ ኮንትሮልና ኢ አብራችሁ ተጫኑ፣ የድምፅ ገጹ ላይ «ኮምፕሬሰር» የሚለውን አንቁ። ትሬሽሆልዱን ወደ −20፣ ሬሾውን 4 እስከ 6፣ ሜክአፕ ጌይኑን ከ8 እስከ 12 አድርጉት። ጩኸቱ ይጨመቃል፣ ንግግሩ ይነሳል። ለሆረሩ ግን አጥፉት! ዝምታውንም አብሮ ስለሚያነሳው መደንገጥ የለም።

ሳብታይትል ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ከመጣ ቪኤልሲ ላይ የኤች ቁልፍ ያዘገየዋል፣ የጂ ቁልፍ ያፈጥነዋል፤ አንድ ጊዜ ሲጫኑት 50 ሚሊ ሰከንድ ነው። መጀመሪያ ላይ ልክ ሆኖ እየቆየ የሚርቅ ከሆነ ግን መጫን አይጠቅምም። ያ ማለት ሳብታይትሉ በሰከንድ 25 ፍሬም ለሆነ ቅጂ ተሠርቶ የእናንተ ፊልም 23.976 ነው ማለት ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይራራቃሉ። ሌላ ፋይል ፈልጉ። ኮሜዲ ላይ ደግሞ ሙሉው አረፍተ ነገር በአንዴ ስለሚወጣ ሰው ተዋናዩ ሳይጨርስ ይስቃል፤ ኤችን ስድስት ሰባት ጊዜ ብትጫኑት ሳቁ ቦታው ላይ ይወድቃል።

የአማርኛ ሳብታይትል ካገኛችሁና ፊደሉ አራት ማዕዘን ሳጥን ወይም ዝብርቅርቅ ከሆነ፣ ፕሪፈረንስ ውስጥ ሳብታይትል ገጽ ላይ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ 8፣ ፎንቱን ኒያላ አድርጉት።

ቲቪው ላይ ደግሞ ምስል የሚያለሰልሰውን ነገር አጥፉ፤ ኤልጂ ላይ ትሩሞሽን፣ ሶኒ ላይ ሞሽንፍሎው ይባላል። እሱ በርቶ ፊውሪ ሮድ የሰፈር ቪዲዮ ነው የሚመስለው። የመጨረሻው፣ 400 ሜጋ ባይት ሆኖ የተጨመቀ ፋይል ለኮሜዲ ይበቃል፣ ለሆረር ግን አይሆንም። ጭመቃው መጀመሪያ የሚጥለው የጨለማውን ዝርዝር ስለሆነ ጥቁሩ ሁሉ ካሬ ካሬ ይሆናል፤ ጥጉ ላይ የቆመው ነገር ከካሬው አይለይም።

ሚጣ_43፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ፊውሪ ሮድ፣ ኳየት ፕሌስ እና ኔክድ ጋን። ልጆች የሉም። ቅደም ተከተሉስ? አንዷ «ሆረሩ መጨረሻ ይሁን» ትላለች።

ጨለማ_ክፍል፦
መጨረሻ አይሁን፤ ሆረር መጨረሻ ከሆነ ማንም ብቻውን ወደ ቤቱ አይሄድም። ከሰዓት 10:00 ላይ ፊውሪ ሮድን ጀምሩ። በረሃውና ብርሃኑ ስለሆነ የመስኮት ነጸብራቅ አይጎዳውም፣ 12:00 ያልቃል። ከዚያ እራት ብሉ። ኳየት ፕሌስ ማታ 1:30፤ ያኔ ውጭው ጨልሟል፣ መጋረጃ እንኳ ባይኖራችሁ ጥቁሩ ጥቁር ይሆናል። 3:00 ላይ ሲያልቅ መብራት አብሩ፣ ቡናውም ቆሎውም ይምጣ። ኔክድ ጋን 3:15 ቢጀመር 4:40 ላይ ሁሉም እየሳቀ ይወጣል።

ገመድ_ሰካሁ፦
ከሆረሩ በኋላ ኮምፕሬሰሩን መልሳችሁ አብሩት እንጂ ኔክድ ጋን ላይ ግማሹን ንግግር አትሰሙም። ላፕቶፑም ቻርጀሩ ላይ ይቆይ፤ መብራት ቢጠፋ ቲቪው ቢሄድም የመጨረሻዋን በላፕቶፑ ትጨርሷታላችሁ።

የኋላ_ወንበር፦
የኔክድ ጋን ስሞች መውረድ ሲጀምሩ ደግሞ እንዳትዘጉት፤ እዚያም ውስጥ ቀልድ ደብቀዋል።