ለመጀመሪያው የጁጂትሱ ቀበቶ ፈተና እንዴት ልዘጋጅ?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ራሴን ለመከላከል ብዬ ባህላዊውን የጃፓን ጁጂትሱ መማር ከጀመርኩ አምስት ወር ሆኖኛል፤ ከስድስት ሳምንት በኋላም ከነጭ ወደ ቢጫ ቀበቶ የሚያሸጋግረውን ፈተና እወስዳለሁ። የእጅ አንጓዬን ሲይዙኝ ማስለቀቁም ሆነ በዳሌ አንሥቶ መጣሉ፣ በቀስታ ስሠራው ይሳካልኛል። ወደ ኋላ ስወድቅ ግን ሰውነቴ ይደርቅብኛል፤ ባለፈው ሳምንት በክርኔ ወድቄ ሁለት ቀን ሲያመኝ ሰነበተ። ከዚህም በላይ፣ ተራ በተራ እየተጠባበቅን የምንለማመደው ነገር እውነተኛ ጥቃት ቢገጥመኝ ያድነኛል ወይ የሚለው ያሳስበኛል። ልምድ ያላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

መልስ 1፦
እህቴ፣ ሌላውን ሁሉ ትተው አስቀድመው አወዳደቁን ያስተካክሉ። ክርንዎ የተጎዳው መሬቱን በእጅ ለመቀበል ወደ ኋላ ስለዘረጉ ይመስለኛል። ከቁመት ሳይሆን ከቁጢጥ ይጀምሩ፤ አገጭዎን ወደ ደረትዎ ሰብስበው የቀበቶዎን ቋጠሮ እየተመለከቱ፣ ጀርባዎን አጉብጠው ይንከባለሉ፤ ጀርባዎ ምንጣፉን ሲነካም ትንፋሽዎን እያወጡ ሁለቱን ክንዶችዎን ከጎንዎ 45 ዲግሪ ያህል ከፍተው ከመዳፍ እስከ ክርን ባለው ስፋት ሁሉ ምንጣፉን ይምቱ። ጃፓኖች ኡኬሚ የሚሉት ይህ ነው። እኔን ጁጂትሱ ያተረፈኝ አንድ ቀን ነው፤ እሱም ሰው ጥሎኝ ሳይሆን እርጥብ ደረጃ ላይ አዳልጦኝ ስወድቅ ጭንቅላቴ ከመመታት የዳነ ዕለት ነው።

መልስ 2፦
ስለ ፈተናው ልጨምር። የሚጠየቀው ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ስለሚለያይ ዝርዝሩን ከአሰልጣኝዎ በጽሑፍ ይቀበሉ፤ የጃፓንኛ ስሞቹንም ከእንቅስቃሴው ጋር እያያያዙ ያጥኑ፤ ስሙ ሲጠራ ሰውነትዎ ሊያስታውሰው ይገባልና። ጀማሪዎች አብዝተን የምንሳሳተው ኩዙሺን፣ ማለትም የባላጋራን ሚዛን አስቀድሞ ማናጋትን፣ ዘለን በጉልበት ለማንሣት ስንታገል ነው። እጅ ሲያስለቅቁም ወደ ራስዎ አይጎትቱ፤ የያዘዎት ሰው አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በሚገናኝበት ክፍተት በኩል አንጓዎን አዙረው ያውጡት። መገጣጠሚያዎን ሲቆልፉብዎት ደግሞ ሕመሙን ለመቻል አይሞክሩ፤ ገና ሲጠብቅ መታ መታ አድርገው ያሳውቁ።

መልስ 3፦
ሥጋትዎ ተገቢ ነው፤ አዲስም አይደለም። ጂጎሮ ካኖ ጁጂትሱን ተምሮ በ1882 እ.ኤ.አ. ጁዶን ሲመሠርት፣ አደገኛ የሆኑትን ስልቶች ከነጻ ፍልሚያው ያስወጣው ተማሪዎቹ የቀሩትን እርስ በርስ ሳይጎዳዱ በሙሉ ኃይላቸው እንዲለማመዱ ነው። ስለዚህ ስልቱን በቀስታ ከለመዱት በኋላ የልምምድ ጓደኛዎ ጥቂት እንዲታገልዎ፣ ቀጥሎም በየትኛው እጅ እንደሚይዝዎ ሳይነግርዎ እንዲመጣ ይጠይቁት። ያን ጊዜ ከሚያውቁት አሥር ስልት ሁለቱ ብቻ ቢሠሩልዎት አይዘኑ፤ እነዚያን ሁለቱን ያጥብቁ። እጅዎን ካስለቀቁ በኋላም ባሉበት አይቁሙ፤ ሁለትና ሦስት እርምጃ ርቀው ወደ መውጫው ፊትዎን የማዞር ልምድ ከአሁኑ ይኑርዎት።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ከቁጢጥ 20 ጊዜ ወደቅሁ፤ ክርኔ አንድም ጊዜ ቀድሞ አልነካም። ነገ ጓደኛዬን የቱን እጅ እንደሚይዝ ሳይነግረኝ እንዲመጣ እጠይቀዋለሁ።