የአያቴ ምላጭ አንድ ሳምንት አገለገለኝና መጎተት ጀመረ፤ ምኑን አበላሸሁት?

ጉንጨ ቀይ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አያቴ ካረፉ በኋላ ሳጥናቸው ሲከፈት ለእኔ የደረሰኝ ምላጫቸው ነው። ያ የሚታጠፈው ዓይነት፣ እጀታው ጥቁር። የብረቱ ስፋት 5/8 ኢንች ነው። ከወፍራሙ ጀርባ ወደ ስለቱ ሲወርድ ሁለቱም ጎኑ ጎድጎድ ተደርጎ ስለተሞረደ ጫፉ ላይ ወረቀት ያክላል፤ በጥፍሬ መታ ሳደርገው ይጮኻል። አንገቱ ላይ «ሶሊንገን» (ምላጭ የሚሠራባት ከተማ ናት)፣ ከሥሩ ደግሞ «ጀርመን» የሚል ተቀርጿል። ልጅ ሆኜ እሳቸው ሲላጩ ማንም እንዲያናግራቸው አይፈቀድም ነበር። ምክንያቱ የገባኝ አሁን ነው።

ድንጋይ ላይ መሳል ስለማልችል ሥራው ለሆነ ሰው ሰጠሁት። ተስሎ ሲመጣ ቆዳዬን ሳይነካ የክንዴን ጸጉር ይቆርጥ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ጉንጬን ብቻ ላጨሁበት፣ የቀረውን በለመድኩት ጨረስኩ። በሁለተኛው አገጬን ሁለት ቦታ ቆረጥኩት። በሦስተኛው ግን እንዴት ልበላችሁ፣ ብረቱ ፊቴ ላይ መኖሩንም አላወቅኩት፤ የሚሰማኝ ጸጉሩ ሲቆረጥ የሚያሰማው ደቃቅ ኮሽታ ብቻ ነበር። ቀኑን ሙሉ ጉንጬን ስዳብስ ዋልኩ።

ሳምንት ሲሞላው መጎተት ጀመረ። ጠፍሩ (ስለቱን የማስተካክልበት ረጅም ቆዳ) ላይ የማመላልሰውን ከ40 ወደ 100 አሳደግኩ፤ ጫንም አደረግኩት። ባሰበት። ትናንት የላይኛው ከንፈሬ ላይ ስደርስ እንባዬ መጣ። አሁን ባለ 1000 ቁጥር ድንጋይ ገዝቼ እንደ አዲስ ልሳለው እያልኩ ነው። ልግባበት? ደግሞ ማጠፊያው ሚስማር አጠገብ የመርፌ ራስ የምታክል ዝገት አለች።

ቶሎ ባይ፦

ድንጋዩን እንዳትገዛ! ከገዛህም ለቢላ አድርገው። የድንጋይ ቁጥር ሲያንስ ሻካራ፣ ሲበዛ ልስልስ ነው፤ ባለ 1000 ስለት ለሌለው ብረት ስለት ማውጫ ነው፤ ያንተ ስለት አለው፣ ታመመ እንጂ አልሞተም። ዝርዝሩን ጋሼ ይምጡበት፣ እኔ ሥራ ላይ ነኝ።

ጋሽ ጠፍር፦

ቶሎ ባይ እውነቱን ነው። ልጄ፣ ምላጩ በሦስተኛው ቀን እንደዚያ ከላጨህ የሳለልህ ሰው ሥራውን ጨርሶ ነው የሰጠህ። ከዚያ ወዲህ ስለቱን የነካው ያንተ ጢምና ያንተ ጠፍር ነው። አንድ ሳምንት ደግሞ ለጢም አይበቃም። ሌባውን ሩቅ አንፈልግ።

እስቲ መጀመሪያ አይተኸው ንገረኝ። አምፖል ሥር ቁምና ስለቱን ወደ ላይ አድርገህ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመልከተው። በደንብ የተሳለ ጠርዝ ብርሃን የሚያርፍበት ወርድ የለውም፤ ጥቁር መስመር ሆኖ ይታይሃል። የምታብለጨልጭ ቀጭን ክር ካየህ እዚያ ቦታ ዶልዱሟል።

አሁን ጥያቄ፦ ጠፍሩን የምታስረው የት ነው፣ የምትወጥረውስ ምን ያህል ነው? የላላ ጠፍር ብረት ሲያርፍበት ይረግባል። ሲረግብ ቆዳው ከስለቱ በታች ተቆልምሞ ወደ ላይ ይወጣል። አንተ የምትስለው ይመስልሃል፣ እሱ በየምልልሱ ጫፉን እያከበበልህ ነው። ላይ ላዩን መጫን ስትጨምርበት ደግሞ መቶ ጊዜ ስትስል መቶ ጊዜ አደነዝከው።

የምላጭ ጥበቡ ያለው ጀርባው ላይ ነው። ጀርባው የወፈረው ለጌጥ አይደለም፤ ጀርባውና ስለቱ እኩል ቆዳው ላይ ሲተኙ ማዕዘኑ ራሱን ይጠብቃል፣ አንተ መለካት የለብህም። ጠፍር ላይ ሁልጊዜ ጀርባው ይቀድማል፣ ስለቱ ይከተላል። (ድንጋይ ላይ የተገላቢጦሽ ነው፤ አሁን አያገባህም።) ጠፍሩ ጫፍ ስትደርስ ብረቱን ወደ አየር አታንሳው። ጀርባው ቆዳውን ሳይለቅ፣ የምላጩን አንገት በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል እያንከባለልክ ገልብጠው። የእጅህ አንጓ አይታጠፍም። ክብደት ብትለኝ የብረቱ የራሱ ይበቃዋል።

ፍጥነቱንም ተወው። አያትህ ሲያመላልሱ ጧ ጧ የሚል ድምፅ ጆሮህ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል። የእኔም ጆሮ ውስጥ ነበር። በጀመርኩ በመጀመሪያው ሳምንት ያንን ድምፅ ላወጣ ብዬ ስጣደፍ ሳልገለብጠው ስለቱ ቀደመና አዲሱን ጠፍር ግማሽ ጨረቃ አድርጎ ቆረሰው። ጠፍሩ ዛሬም አለኝ። ቁራሹን በሙጫ መለስኩት፣ በአሸዋ ወረቀትም አለሰለስኩት፤ ግን ምላጩ እዚያ ቦታ በደረሰ ቁጥር እስካሁን ጥቅ ይላል።

መድኃኒቱ እንዲህ ነው። ጠፍጣፋ እንጨት ላይ የተለጠፈ ቆዳ አግኝ፤ እንጨት ስለማይረግብ ስህተትህን ይሸፍናል። አረንጓዴውን የክሮም ኦክሳይድ ቅባት ስስ አድርገህ ቀባው። ቅንጣቱ ግማሽ ማይክሮን ገደማ (ከሚሊ ሜትር ሺኛ ግማሹ) ስለሆነ ብረቱን አይበላብህም። ሳትጫን 10 ጊዜ አመላልስ፣ ብረቱን ጥረግ፣ ከዚያ በንጹሑ ጠፍር 40። ቅባቱን ንጹሑ ጠፍር ላይ እንዳታስነካ። በዚህ ካልተመለሰ ለሳለልህ ሰው ላከው፤ ባለ 12000 ድንጋይ ላይ ጥቂት ጊዜ ካስኬደው ይበቃዋል።

ዝገቷ ማጠፊያው ጋ ከሆነች አትጨነቅባት። በማሽን ዘይት ጥቂት ቀን አሳድራትና በጨርቅ ፈትጋት። ጠርዙ ላይ ወጥታ ቢሆን ኖሮ ያኔ ነበር የሚታዘንልህ።

አረፋ በአረፋ፦

ጋሼ ያሉትን ሁሉ እቀበላለሁ፣ ግን ጥፋቱን ሁሉ ምላጩ ላይ ባንጭነው። ወንድሜ ጉንጨ ቀይ፣ አረፋህን እንዴት ነው የምትመታው? ብዙ ጀማሪ አረፋው ውኃ ያንሰዋል። እንደ ጥጥ ቆሞ ሲያዩት ያምራል፣ ፊት ላይ ግን ብረቱን ይይዘዋል። ብሩሹን በሞቀ ውኃ ንከረው፣ ሳሙናውን በደንብ ጫንበት፣ ከዚያ ጠብታ ጠብታ ውኃ እየጨመርክ ፊትህ ላይ ምታው። በጣቶችህ መሃል ስታሸው የሚያዳልጥ፣ ላዩም እንደ እርጎ የሚያብረቀርቅ ሲሆን ደርሷል። አረፋው ውስጥ አየር ብቻ ከታየህ አልደረሰም።

የላይኛው ከንፈር ላይ ሁሉም ያለቅሳል፣ አንተ ብቻ አይደለህም። እዚያ ያለው ጸጉር ወፍራም ነው። አፍንጫህን ወደ ላይ ሳብ፣ ከንፈርህን ወደ ታች ወጥር፣ ብረቱን ከቆዳህ 30 ዲግሪ ያህል ብቻ አንሳው፣ በአጭር በአጭሩ ውረድ። መጀመሪያ ጸጉሩ በሚተኛበት በኩል ነው፤ ወደ ላይ መላጨቱን ለሌላ ወር አቆየው። ቆዳ ሳይወጠር ከሆነ ያኔ አዲስ የተሳለም ይጎትታል።

አንድ የሚያሳስበኝ ግን እጀታው ነው። ጥቁር ያልከው ቀንድ ነው፣ ጠንካራ ጎማ ነው ወይስ ሴሉሎይድ (የድሮ ፕላስቲክ)? በአውራ ጣትህ እስኪሞቅ ፈትገህ አሽትተው። ካምፎር (እንደ ብል መድኃኒት የሚሸት) ካሸተተህ ሴሉሎይድ ነው። ያረጀ ሴሉሎይድ አንዳንዴ ከውስጥ ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስ የሚያወጣው አሲዳማ ጋዝ ብረቱን እጀታው በሚሸፍነው ልክ ያዝገዋል። ያቺ ዝገት ከዚያ ከመጣች ዘይት ብቻ አይመልሳትም። ለማንኛውም በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ከሌላ ምላጭ ጋር አታስቀምጠው፤ በሽታው ይጋባል።

ስለ ዕድሜው አልጠየቅክም፣ ግን እኔ አያስችለኝም፦ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1890 ባወጣችው የቀረጥ ሕግ የሚገባላት ዕቃ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት አስገድዳ ነበር። ስለዚህ «ሶሊንገን» ብቻ ሳይሆን «ጀርመን»ም ካለበት ብዙ ጊዜ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው። እንዲያ ጎድጎድ ብሎ መሞረዱም ከዚህ ጋር ይሄዳል፤ የድሮዎቹ የእንግሊዝ፣ የሼፊልድ ከተማ ምላጮች እንደ ሽብልቅ ወፍራም ነበሩ።

ዝም ብዬ አላፊ፦

ይህን ሁሉ ስቃይ ሳነብ ጂሌት ለሚጣል ስለት ምላጩ እ.ኤ.አ. በ1904 ፓተንቱን ሲያገኝ ሰው ለምን እንደተሻማበት ገባኝ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀኝ እኔን።

ቶሎ ባይ፦

የሚፈጅብህ ሁለት ደቂቃ መሆኑ እኮ ነው ችግሩ 😄

ጉንጨ ቀይ፦

ተመልሻለሁ፣ አራት ቀን ፈጀብኝ።

ጋሼ፣ እርስዎ ቤቴ ገብተው ያዩኝ ነው የሚመስለው። ጠፍሩን የማስረው በር እጀታ ላይ ነበር፤ እጀታው ደግሞ ራሱ ይወዛወዛል። አምፖሉ ሥር ሳየው ከጫፉ በኩል አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል እንደ ክር ያብለጨልጫል፣ ወደ ተረከዙ (ወደ እጀታው በኩል) ግን ጥቁር ነው። ለካ ስገለብጠው የሚነሳብኝ ጫፉ ነው! ልምምዱን በማንኪያ ጀርባ ጀመርኩት፤ እየተሳቀብኝ ቢሆንም ሁለት ማታ ማንኪያ ስገለብጥ አመሸሁ።

ከዚያ እንጨት ላይ በተለጠፈው ቆዳ 10፣ በንጹሑ 40፣ በቀስታ። ብልጭታው ጠፋ። ዛሬ ጠዋት ተላጨሁ፤ ያ ኮሽታ ተመልሷል፣ ከንፈሬም አልተነካም። እንደ ሦስተኛው ቀን ነው ብል ግን እዋሻለሁ፣ ትንሽ ይቀረዋል።

አረፋ በአረፋ፣ ካምፎር አልሸተተኝም። ስፈትገው የተቃጠለ ጸጉር ነገር ሸተተኝ፣ ቀንድ ነው መሰለኝ። አረፋዬም ልክ እንዳልከው ጥጥ ነበር፤ ውኃ ስጨምርበት ሌላ ሳሙና የገዛሁ መሰለኝ።

አሁን የቀረኝ ግራ ጉንጬ ነው። በቀኝ እጄ ስሻገር ክንዴ መስተዋቱን ይጋርደኛል፤ በግራ እጄ ስይዘው ይንቀጠቀጥብኛል። እናንተ እጅ ትቀይራላችሁ ወይስ በአንድ እጅ ነው የምትጨርሱት?

ጋሽ ጠፍር፦

እኔ እቀይራለሁ። በግራ እጅህ አንድ ሳምንት ብሩሹን ብቻ ያዝበትና ፊትህን አረፋ ቀባበት፤ ከዚያ ጆሮ ሥር ካለው ጠፍጣፋ ቦታ ጀምር፣ ከአገጭ ራቅ። ያን የበር እጀታ ግን ጠጋግነው፣ ወይ ግድግዳ ላይ መንጠቆ ምታ።