ክርክር፦ የፋርማሲ ተማሪ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ወደ ሕሙማን ክፍል ይሂድ?

አወያይ፦ ለክርክር የቀረበው ሐሳብ እንዲህ ይላል፦ «በመጀመሪያ ዲግሪ የፋርማሲ ትምህርት ለመድኃኒት ኬሚስትሪና ለፎርሙሌሽን (ለመድኃኒት ቅመማ) ቤተ ሙከራ የሚውለው ጊዜ በግማሽ ይቀነስ፤ የተረፈውም በሆስፒታል የሕሙማን ክፍሎች ለሚደረግ የተግባር ልምምድ ይዋል።» ተከራካሪዎች በሥራ ድርሻቸው ይጠራሉ።

የክሊኒካል ፋርማሲ መምህር፦ ሐሳቡን ያቀረብሁት እኔ በመሆኔ ምክንያቱን ላስረዳ። የፋርማሲ ምሁራኑ ሄፕለርና ስትራንድ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ የፋርማሲስት ኃላፊነት መድኃኒቱን በትክክል ቆጥሮ በማስረከብ እንደማያበቃ፣ ሕክምናው በታካሚው ላይ ለሚያስገኘው ውጤትም መጠየቅ እንዳለበት ተከራክረዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙ አገሮች ትምህርታቸውን ወደዚሁ አቅጣጫ አዙረዋል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2006 ለፋርማሲስትነት የሚያበቃውን ትምህርት ከ4 ወደ 6 ዓመት አሳድጋለች፤ በአሜሪካ ደግሞ የፋርማሲ ዶክተርነት ተማሪ በመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ቢያንስ 1,440 ሰዓት በሥራ ላይ ይሠለጥናል። የራሴን ተማሪዎች ስመለከት፣ የደም መርጋትን የሚከላከለውን ዋርፋሪን የሚወስድ ታካሚ፣ ሜትሮኒዳዞል የተባለው ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ሲታዘዝለት የደም መፍሰስ አደጋው እንደሚጨምር በጽሑፍ ፈተና ላይ አሳምረው ይመልሳሉ፤ ሁለቱን መድኃኒቶች በአንድ ታካሚ ካርድ ላይ፣ በተለያየ ቀንና በተለያዩ ሐኪሞች እጅ ተጽፈው ሲያገኟቸው ግን ብዙዎቹ ሳያስተውሉ ያልፋሉ። ዕውቀቱ አለ፤ ካርድ ማንበብን አልተለማመዱም።

የጥራት ቁጥጥር ባለሙያ፦ በሙሉ አክብሮት እቃወማለሁ። እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ ሰልፋኒላሚድ የተባለው መድኃኒት ዳይኤትሊን ግላይኮል በተባለ መርዛማ ፈሳሽ ሟሙቶ በመሸጡ ከ100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ንጥረ መድኃኒቱ ራሱ ደኅና ነበር፤ የገደለው ማሟሚያው ነው። ነገሩ ያለፈ ታሪክ ነው የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት በጋምቢያ ስለተገኙ የሕፃናት ሽሮፖች ያወጣውን ማስጠንቀቂያ ያስታውስ፤ በሽሮፖቹ ውስጥ የተገኘው ያው ዳይኤትሊን ግላይኮልና የቅርብ ዘመዱ ኤትሊን ግላይኮል ነበር። ጥሬ ዕቃውን መርምሮ «ይህ አያልፍም» የሚል ባለሙያ ከፋርማሲ ትምህርት ቤት ካልወጣ ከየት እንደሚመጣ ቢነገረኝ ደስ ይለኛል። ሐኪምና ነርስ አልጋው አጠገብ አሉ፤ ቤተ ሙከራው ግን ከእኛ በቀር ብዙ ባለቤት የለውም።

የክሊኒካል ፋርማሲ መምህር፦ ምሳሌው ለእኔም ይሠራል። ሽሮፑ የተጠረጠረው የሕፃናቱ ኩላሊት መክዳቱ በሕክምና ተቋም ከታየ በኋላ ነው። አልጋው አጠገብ የቆመ ሰው «ይህ ልጅ ምን ጠጥቶ ነበር?» ብሎ ባይጠይቅ ኖሮ የኬሚስትሪ ምርመራው ምን ፍለጋ እንደሚጀመር አያውቅም ነበር።

የመድኃኒት ኬሚስትሪ መምህር፦ ያ ጥያቄ የተጠየቀው ግን ሽሮፑ ከተጠጣ በኋላ ነው። የጥራት ባለሙያው የሚሉት ከዚያ በፊት ስላለው ደጅ ነው። እኔ ሌላ ጉዳይ ላክል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በአውስትራሊያ የሚጥል በሽታ ታካሚዎች በሚወስዱት መድኃኒት በፌኒቶይን መመረዝ ጀመሩ። የታዘዘው መጠን አልተለወጠም፣ የወሰዱትም በትክክል ነው። የተለወጠው የእንክብሉ መሙያ ብቻ ነበር፤ ካልሲየም ሰልፌት ቀርቶ ላክቶስ ገባ፣ መድኃኒቱም ከቀድሞው በበለጠ ወደ ደም ዘለቀ። በሕሙማን ክፍል ብቻ የሠለጠነ ፋርማሲስት በደም ውስጥ ያለው መጠን መጨመሩን አይቶ የታዘዘው እንዲቀነስ ይመክራል፤ ምክሩ ትክክል ነው፣ ምክንያቱን ግን አያገኘውም፤ ስለዚህ ቀጣዩን ታካሚ አያድነውም። ሠንጠረዥ ውስጥ ያልተጻፈ ነገር ሲገጥም ፋርማሲስቱን ከሌላው የጤና ባለሙያ የሚለየው ይህ ዕውቀት ነው። እሱን በግማሽ ቆርጠን የምናወጣው ሰው በሐኪሙ ጎን የቆመ ሁለተኛ፣ ያውም ደካማ ሐኪም ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ።

የመጨረሻ ዓመት ተማሪ፦ ስለ እኛ እየተነጋገራችሁ ስለሆነ ከወዲህ በኩል ያለውን እንድናገር ይፈቀድልኝ። ታካሚዎች እየተዞሩ በሚታዩበት የሆስፒታሉ ራውንድ ላይ ከሐኪሞቹ፣ ከሕክምና ተማሪዎቹና ከነርሶቹ ኋላ እንቆማለን፤ የሚባለው አይሰማንም። አንድ ፋርማሲስት ለእኛ ሁሉ ተመድቧል፤ እሱም የራሱ ሥራ ስላለው የሚያገኘን ማስታወሻ ደብተራችን ላይ ሲፈርም ነው። ደብተሩ እንዲሞላ ከካርድ ላይ ታሪክ እንገለብጣለን፤ የገለበጥነውን ያነበበ ሰው ግን አላየሁም። ቤተ ሙከራውም ቢሆን ከዚህ የተሻለ አይደለም፤ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ታይትሬሽን (የሟሟን ንጥረ ነገር መጠን በጠብታ የመለካት ሙከራ) ከቀዳሚዎቻችን ሪፖርት ጋር እስኪገጥም እንደጋግማለን። የተበላሸ እንክብል ሰጥቶ «ምን እንደጎደለው ፈልጉ» ያለን መምህር አንድ ብቻ ነው፤ ከ4 ዓመት ትምህርት ያንን ቀን አልረሳውም። እንግዲህ ሰዓቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ብታዛውሩት የምንቆምበት ቦታ ይለወጥ ይሆናል እንጂ የምንማረው አይጨምርም።

የመድኃኒት ቤት ባለሙያ፦ ተማሪው የልቤን ተናግሯል። እኔ ግን ሁለቱም ወገኖች የዘነጉትን ቦታ ላነሣ እፈልጋለሁ። ብዙ ተመራቂ የሚሠራው በሕሙማን ክፍልም በፋብሪካም ሳይሆን በመድኃኒት ቤት መስኮት ፊት ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ ለተባለው የመገጣጠሚያ ብግነት የሚሰጠው ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወሰድ ሲሆን፣ በስሕተት በየቀኑ ተወስዶ ሰው የገደለባቸው አጋጣሚዎች በሙያው በሰፊው የታወቁ ናቸው። ይህን ስሕተት የሚያስቀረው «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ አይደለም፤ ሁሉም ሰው «አዎ» ይላል። «እቤት ሲደርሱ እንዴት ነው የሚወስዱት? የትኛው ቀን?» ተብሎ በታካሚው አንደበት ሲነገር ነው። ይህን በ2 ደቂቃ ውስጥ፣ ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ፣ ታካሚውን ሳያሳፍሩ ማድረግ ራሱን የቻለ ክህሎት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከ5 ዓመቱ ትምህርት ውስጥ ቢያንስ 6 ወር ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድኃኒት ቤት ወይም በሆስፒታል በክትትል እንዲሠራ ያዛል። «ወይም» የምትለዋን ልብ በሉልኝ፤ የቀረበልን ሐሳብ ግን ሆስፒታልን ብቻ ነው የጠራው።

የክሊኒካል ፋርማሲ መምህር፦ የተማሪው ትችት ከባድ ነው፤ ምላሽም ይገባዋል። አሠልጣኝ የሌለው ልምምድ ሥልጠና እንዳልሆነ እስማማለሁ። ስለዚህ ሐሳቤን አሻሽላለሁ፦ ሰዓቱ የሚጨመረው ለተማሪው ጊዜ የተመደበለት አሠልጣኝ ሲኖር ብቻ ይሁን፤ ተማሪው በየዕለቱ የአንድ ታካሚን የመድኃኒት ታሪክ ራሱ ይውሰድ፣ ያገኘውን ችግር በጽሑፍ ያቅርብ፣ አሠልጣኙም ተቀብሎ ወይም ውድቅ አድርጎ ምክንያቱን ይጻፍበት። የመጨረሻው ፈተናም የሕክምና ትምህርት ምሁሩ ሃርደን እ.ኤ.አ. በ1975 ለሕክምና ተማሪዎች ባስተዋወቀው መንገድ፣ ተማሪው ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየተዘዋወረ ሥራውን እየሠራ የሚመዘንበት ይሁን፤ አንዱ ጣቢያም የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ የጠየቁት መስኮት ይሁን። ፈተናው የጽሑፍ ብቻ ሆኖ እስከቀጠለ ድረስ ተማሪው ለጽሑፍ ያጠናል፤ አልወቅሰውም። ሥራው ሊዘገይ እንደማይገባ የሚታየኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የብሪታንያ የሥልጠና መመዘኛ አዲስ የሚመዘገቡ ፋርማሲስቶች መድኃኒት የማዘዝ ብቃት ይዘው እንዲወጡ መጠየቁን ስመለከት ነው። ሙያው ወደዚያ እየሄደ ነው።

የጥራት ቁጥጥር ባለሙያ፦ በዚህ መልኩ ከሆነ ከፊል መስማማት ይቻላል። ተማሪው የጠቀሳቸው ተደጋጋሚ ታይትሬሽኖች ቢቀነሱ አላዝንም። የመድኃኒት ሟሟት ምርመራ፣ የባዕድ ንጥረ ነገር ፍለጋና የመድኃኒት ዕድሜ ጥናት ግን እንዲነኩ አልፈልግም፤ ከእነዚህም ቢያንስ አንዱ ተማሪው ውጤቱን አስቀድሞ በማያውቀው ናሙና ላይ ይሠራ። «በግማሽ» የሚለው ቃል ይውጣ።

የመድኃኒት ኬሚስትሪ መምህር፦ በተሻሻለው ሐሳብም ቢሆን ድምፄ ተቃውሞ ነው። የሥራ ባልደረባዬ «አሠልጣኝ ሲኖር ብቻ» ብለዋል፤ ቤተ ሙከራው በምን ያህል እንደሚቆረጥ ግን በሐሳቡ ላይ ተጽፏል፣ አሠልጣኙ የሚቀጠርበት ቀን አልተጻፈም። አሠልጣኞቹ ተቀጥረው፣ ለዚህ ሥራ የተለቀቀ ሰዓታቸው በደንብ ተጽፎ ሳይ፣ ከራሴ ኮርስ ምን እንደሚቀነስ በራሴ እጅ ዘርዝሬ አቀርባለሁ።

የመጨረሻ ዓመት ተማሪ፦ እስከዚያው ያ የተበላሸ እንክብል ለሚቀጥሉት ተማሪዎች ይሰጥ። ለእሱ አዲስ ቅጥርም አዲስ ሰዓትም አያስፈልግም።