ቤት ስንገዛ የትምህርት ቤቱን ነጥብ ምን ያህል እንመን?

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ዋሺንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በኪራይ ነው ያለነው። ዘንድሮ ቤት ለመግዛት ቆርጠናል። ትልቁ ልጃችን በሚቀጥለው ዓመት ኪንደርጋርተን ይገባል፣ ትንሿ ገና ዳዴ ላይ ናት።

በአቅማችን እዚሁ ካውንቲ ዊተን አካባቢ ደህና ታውንሀውስ (ግድግዳው ከጎረቤት የተያያዘ ቤት) እናገኛለን። ጓሮ አለው፣ ለሁለታችንም ሥራ ቅርብ ነው፣ እናቴ ስትመጣም የምታርፍበት ክፍል ይኖራታል። ግን የምናውቀው ሰው ሁሉ «ለልጆቻችሁ ስትሉ ቤተዝዳ ወይም ፖቶማክ ግቡ፣ ካልቻላችሁ ወደ ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ተሻገሩ» ነው የሚለን። ዚሎው በሚባለው የቤት መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ ቤት ስከፍት ከፎቶው በፊት ዓይኔ የሚሮጠው ወደ ትምህርት ቤቱ ነጥብ ነው። ከ10 አንዱ ጋ 4፣ አንዱ ጋ 9። 9 ያለበት ሠፈር በዚሁ ገንዘብ የምናገኘው ሁለት መኝታ ኮንዶ (የጋራ ሕንፃ ውስጥ ያለ ቤት) ብቻ ነው፣ እሱም የኮንዶ ወርሃዊ ክፍያው ሞርጌጁ (የቤት ብድሩ) ላይ ሲደመር ያንቃል።

ኤጀንታችንን «የትኛው ሠፈር ነው ጥሩ ትምህርት ቤት ያለው?» ብዬ ስጠይቀው «ራስሽ አይተሽ ወስኚ» ይለኛል። ለምን እንደማይመልስልኝም አልገባኝም። እናንተ እንዴት ወሰናችሁ?

ቤት አሻሻጩ፦

እህቴ፣ ኤጀንትሽ ሊደብቅሽ ፈልጎ አይደለም። በ1968 የወጣው የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ ገዢን በዘሩ፣ በሃይማኖቱ ወይም በትውልድ አገሩ የተነሳ ወደ አንዱ ሠፈር መግፋትን፣ ከሌላው ማራቅን ይከለክላል። «እዚህ ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው፣ እዚያ መጥፎ ነው» የሚለው ወሬ ብዙ ጊዜ እዚያ ስለሚኖረው ሰው ማውራት ስለሚሆን ጠንቃቃ ኤጀንት ዝም ይላል። እኔም ሥራዬ ይኸው ነው፣ ለደንበኞቼ የምመልሰውም እንደዚያው ነው።

አድራሻን በተመለከተ ግን ልንገርሽ። ቨርጂኒያ ከተሻገርሽ «ፎልስ ቸርች» የሚል አድራሻ ያለው ቤት ሁሉ ፎልስ ቸርች ከተማ ውስጥ እንዳይመስልሽ። ከተማዋ ትንሽ ናት፣ የራሷ የትምህርት ዲስትሪክት (ትምህርት ቤቶቹን የሚያስተዳድር አካል) አላት። በዚያ ስም ፖስታ የሚደርሰው ብዙ ቤት ግን ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው ያለው፣ ልጁም የሚመዘገበው በፌርፋክስ ነው። አሌክሳንድሪያም እንዲሁ ናት። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን ሳይሆን ካውንቲው ድረ ገጽ ላይ ገብተሽ የቤቱን ቁጥርና የመንገዱን ስም ራስሽ ፈልጊ።

ስለ ዋጋው የሚባለው እውነት ነው። ሳንድራ ብላክ የተባለች የኢኮኖሚ ተመራማሪ በ1999 ባወጣችው ጥናት ቦስተን ዙሪያ ከትምህርት ቤት ወሰን ወዲህና ወዲያ ያሉ ቤቶችን አነጻጽራ ነበር። ሠፈሩ አንድ ሆኖ ልጁ የሚገባበት ትምህርት ቤት ብቻ የሚለያይ ማለት ነው። የፈተና ውጤት 5 በመቶ ከፍ ሲል ወላጆች ለቤቱ 2.5 በመቶ ያህል ጨምረው ይከፍላሉ። ያንን ጭማሪ ስትሸጪ መልሰሽ ልታገኚው ትችያለሽ፣ ወሰኑ ባለበት ከቆየ። እዚህ ላይ ነው እኔ የምሰጋው፣ ምክንያቱም ሞንትጎመሪ ዉድዋርድና ክራውን ከሚባሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መከፈት ጋር ተያይዞ ወሰኖቹን እንደገና ወደማጥናት ገብቷል፣ ፌርፋክስም በ2024 የካውንቲውን ወሰን በሙሉ መፈተሽ ጀምሯል። ወሰኑን የሚወስነው የትምህርት ቦርዱ ነው። የቤት ሽያጭ ውልሽ ላይ ስለ ትምህርት ቤት ቃል የሚገባልሽ የለም።

አስተማሪዋ፦

እኔ ሞንትጎመሪ ውስጥ ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ያ ነጥብ ለትምህርት ቤቶች ደረጃ ከሚያወጣው ከግሬትስኩልስ ድርጅት ነው የሚመጣው፣ በአብዛኛውም የተሠራው ከፈተና ውጤት ነው። የፈተና ውጤትና የወላጅ ገቢ ደግሞ እጅና ጓንት ናቸው። እንግሊዝኛ ገና እየተማሩ ያሉ ልጆች የበዙበት ትምህርት ቤት ነጥቡ ይወርዳል። ክፍሌ ውስጥ አንዲት ልጅ ነበረች፣ ስትመጣ ስሟን ከመጻፍ ያለፈ እንግሊዝኛ አልነበራትም። ዓመቱ ሲያልቅ አንድ አንቀጽ አንብባ ጠረጴዛዋ ላይ ላለችው ልጅ ታስረዳ ነበር። ፈተናው ላይ ግን «ከክፍል ደረጃ በታች» ተባለች። አንቺ ያየሽው 4 ውስጥ እንደዚህች ያሉ ልጆች አሉ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ሜሪላንድ ውስጥ ዲስትሪክቱ ካውንቲው ራሱ ነው። እንደ ማሳቹሴትስና ኒው ጀርሲ ከተማ በከተማ የተከፋፈለ አይደለም። ቤተዝዳና ዊተን ሥርዓተ ትምህርታቸው አንድ፣ የአስተማሪ የደሞዝ ስኬላቸው አንድ፣ ገንዘባቸውም የሚመጣው ከአንድ ካውንቲ በጀት ነው። ልዩነት የለም አልልም። የወላጅ ማኅበሩ የሚሰበስበው ገንዘብ ይለያያል፣ ለልጁ አስጠኚ መቅጠር የሚችለው ቤተሰብ ቁጥር ይለያያል፣ አስተማሪ ቶሎ ቶሎ የሚለቅበት ትምህርት ቤትም አለ። ይሄን የመጨረሻውን አጥብቀሽ ጠይቂ። ርዕሰ መምህሩ ስንት ዓመት እንደቆየ ጠይቂ። አንድ ልጅ ማንበብ ሲያቅተው ማን እንደሚይዘው፣ በሳምንት ስንቴ እንደሚያስጠናው ጠይቂ። «እንከታተላለን» ብቻ ካሉሽ ዝርዝሩን ሳትሰሚ አትውጪ። ነጥቡንም ካየሽ አይቀር ትልቁን ቁጥር ትተሽ ከሥሩ ያለውን፣ ልጆቹ ከዓመት ዓመት ምን ያህል እንደተሻሻሉ የሚያሳየውን እዪ።

የፌርፋክስ አባት፦

ከአስተማሪዋ ጋር በከፊል አልስማማም። ሁሉም ነገር የገቢ ጉዳይ አይደለም፣ ልጅ ከእኩዮቹም ይማራል። ልጄ ኤፒ ኬሚስትሪ (በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጥ ትምህርት) የወሰደው ጓደኞቹ ስለወሰዱ ነው፣ እኛ አልገፋነውም። ለዚያ ብለን ነው ውድ ሠፈር የገባነው፣ አይቆጨኝም።

ግን ሒሳቡን ሙሉውን ስሚ። እኔ ቀን እሠራለሁ፣ ማታ ደግሞ መኪና እነዳለሁ። ባለቤቴ የሌሊት ሺፍት ናት። ሞርጌጁ የሚወጣው ከዚያ ነው። ልጆቻችን ትልልቆች ስለሆኑ ማታ ራሳቸውን ችለው ያጠናሉ፣ የአምስት ዓመት ልጅ ግን ማታ አጠገቡ ቁጭ ብሎ መጽሐፍ የሚያነብለት ሰው ይፈልጋል፣ ያንን ደግሞ ምንም ዓይነት ትምህርት ቤት አይተካውም። ልጅሽ ኪንደርጋርተን ከገባ በኋላም ሁለተኛ ደረጃ እስኪደርስ 9 ዓመት አለ። ለኪንደርጋርተን ብለሽ ካሁኑ የሁለተኛ ደረጃውን ዋጋ አትክፈይ።

ሌላው፣ ቶማስ ጄፈርሰን የሚባለውን ተማሪ መርጦ የሚቀበል የሳይንስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያሰበ ወደኛ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። መግቢያው በ2020 ከተቀየረ ወዲህ እያንዳንዱ የመንግሥት መካከለኛ ትምህርት ቤት ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቹ 1.5 በመቶ ለሚሆኑት ቦታ ይያዝለታል። ስለዚህ ሁሉም ወደሚሽቀዳደምበት መካከለኛ ትምህርት ቤት መግባት የግድ አይጠቅምም። እናንተም ጋ ብሌር የሚባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስና የሒሳብ ማግኔት ፕሮግራም (ተማሪ ተመርጦ የሚገባበት ልዩ ፕሮግራም) አለው፣ እሱም የሚገኘው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው።

አሁንም ተከራይ፦

አንድ ነገር ብቻ። ልጅ ለማስመዝገብ ቤት መግዛት ግዴታ አይደለም፣ በስማችሁ ያለ የኪራይ ውል የነዋሪነት ማስረጃ ይሆናል። የምትመኙት ሠፈር መጀመሪያ ተከራዩና ትምህርት ቤቱን ከውስጥ እዩት። የዘመድ አድራሻ ሰጥቶ ማስመዝገብን ግን ተዉት። ከታወቀ ልጁ መሃል ዓመት ላይ ከጓደኞቹ ይነጠላል፣ የትምህርት ክፍያም ልትጠየቁ ትችላላችሁ።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ ለባለቤቴ አነበብኩለት። ኮንዶውን ትተነዋል። የዊተኑን ታውንሀውስ ከመወሰናችን በፊት ግን ትምህርት ቤቱን ማየት እንፈልጋለን። ገና ነዋሪ ሳንሆን ያስገቡናል? ባለቤቴ ደግሞ እንግሊዝኛው ብዙም ስላልሆነ ጥያቄ መጠየቅ ያፍራል።

አስተማሪዋ፦

ቢሮው ደውዪና «ወደዚህ ሠፈር ልንገባ አስበናል፣ ትምህርት ቤቱን ብናይ» በያቸው፣ ቀጠሮ ይሰጡሻል። ስትደውዪ አማርኛ አስተርጓሚ እንደምትፈልጊም አብረሽ ንገሪያቸው። ክፍያ የለውም። ካውንቲው ለወላጆች ብዙ ጽሑፎቹን በአማርኛም ያወጣል። ባለቤትሽ ጥያቄዎቹን በአማርኛ ጽፎ ይምጣ። ከቻላችሁ ልጆች በሚገቡበት ወይም በሚወጡበት ሰዓት ድረሱ፣ በር ላይ የቆሙትን ወላጆችም አናግሩ።